የእናትና የአባቴ ቁራኛ

እናትና አባቴ በቁራኛ ሊታሰሩ ነው ብዬ ያመንኩት በሰባት ዓመቴ ነው። አዳማ ያኔ አንድ የባቡር ጣቢያና በዙሪያው የተበተኑ ቤቶች ነበረች፤ ናዝሬት የሚባለው ስም ገና አልመጣም።

ቁራኛ ምን እንደነበር ዛሬ ብዙ ሰው አያውቅም። እኔ ግን በዓይኔ አይቻለሁ። ሁለት ሰዎች ሲካሰሱ፣ አንዱ እንዳይጠፋ የኩታቸው ጫፍ ለጫፍ ይቋጠርና ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ ድረስ አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ይበላሉ፣ አብረው ያድራሉ። በዚያ ዓመት ባጫና አብዱልጀባር የሚባሉ ሁለት ገበሬዎች በአንድ በሬ ተካስሰው እንደተቋጠሩ በደጃችን አለፉ። ባጫ ረጅም ነው፤ አብዱልጀባር አጭር። ባጫ ሲራመድ አብዱልጀባር ይሮጣል። አብዱልጀባር የቀትር ሶላቱን ሊሰግድ ሲጎነበስ ደግሞ ባጫ፣ ያውም ማተቡን አንገቱ ላይ እንዳሰረ፣ ተጎትቶ አብሮት ይጎነበሳል። እናቴ ውሃ ሰጠቻቸው። ከዚያ አንዱ ቁጥቋጦ ሥር ሊቀመጥ ሲሄድ ሌላው ፊቱን አዙሮ ሰማይ ሰማይ እያየ ጠበቀው።

መጀመሪያ ሳቅሁ። ኋላ ግን ፈራሁ።

"እስከ መቼ ነው እንደዚህ የሚሆኑት?" ብዬ አባቴን ጠየቅሁት።

"እስኪፈረድ" አለኝ።

አባቴ ጆቴ የሐዲድ ጠባቂ ነበር። በየጠዋቱ ትልቁን የብሎን ማጥበቂያ በትከሻው ጣል አድርጎ ሐዲዱን ተከትሎ ይሄዳል፤ የላላ ብሎን ያጠብቃል፣ ሐዲድ ላይ የተኛ ላም ያባርራል። የደራ ኦሮሞ ነው፤ ክርስትና የተነሣውም እናቴን ሊያገባ ሲል ነው። እናቴ ዘርፉ የምንጃር ልጅ ናት። አያቷ ደብተራ ነበሩና፣ እሷ ራሷ ዳዊት ባትደግምም የሚደግም ሰው የቱ ጋ እንደሳተ ታውቃለች። የተጋቡት በሰማንያ ነው። ሰማንያ ደግሞ፣ ጎረቤታችን እትዬ ዙለይካ እንደሚሉት፣ የኋላ በር ያለው ጋብቻ ነው።

እነሱም በሩን በደንብ ተጠቅመውበታል። ሲጣሉ አባቴ ዱላውን ያነሣና ዕቃ ጫኝ ባቡር ላይ ተንጠልጥሎ ወደ አዋሽ ይሄዳል። እናቴ ጥቅልሏን በጀርባዋ አዝላ፣ እኔን በእጇ እየጎተተች ሞጆ አክስቷ ዘንድ ትሄዳለች። በሳምንቱ ሽማግሌ ይላካል፤ ሁለቱም ይመለሳሉ፤ ጥቂት ወር ይቀመጡና ደግሞ ይሄዳሉ። በምን እንደሚጣሉ ብትጠይቁኝ አላስታውስም። በጨው ይጣሉ ነበር፤ በአጥርም፤ አንዴ ዝናቡ ይመጣል አይመጣም ተባብለው ተጣልተዋል። የማስታውሰው ምልክቱን ነው። በሰላሙ ቀን እናቴ አባቴን "አንተ" ትለዋለች። "እርስዎ" ያለችው ዕለት፣ ጫማ የለኝም እንጂ ቢኖረኝ አጠልቀው ነበር፤ ወደ ሞጆ መሄዳችን ነውና።

በመጨረሻ ነገሩ የሰለቻቸው የንስሐ አባታችን መምሬ ሙሉብርሃን ናቸው። መምሬ ጆሯቸው ከባድ ነው። ራሳቸው ስለማይሰሙ ሌላውም ሰው የማይሰማ ይመስላቸዋል፤ እየጮሁ ነው የሚናገሩት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በበቅሏቸው መጡና እናትና አባቴን ፊት ለፊታቸው አስቀመጧቸው። እኔ ጓዳ ተደብቄ እሰማለሁ።

"ስምንት ዓመት!" አሉ መምሬ። "ስምንት ዓመት አንድ እግራችሁን ከደጅ አድርጋችሁ ኖራችሁ። ይህ ትዳር ነው ወይስ ባቡር ጣቢያ? አንዱ ሲመጣ አንዱ ይሄዳል! በቃ፤ በቁርባን ታሰሩ። ከዚያ ወዲያ መሄድ የለም። እግዚአብሔር ያሰረውን ዳኛም አይፈታውም።"

"እስከ መቼ ነው?" አለ አባቴ።

"እስከ ሞት!" አሉ መምሬ።

ቁርባን የሚለው ቃል ሳይገባኝ ቀርቶ አይደለም። ቁርባን አውቃለሁ፤ እኔም ቆርቤአለሁ። ግን ቁርባን የሕፃናትና የአሮጊቶች ነው። በሰፈራችን ከሕፃንና ከአሮጊት በቀር ሲቆርብ ያየሁት ሰው የለም። አባቴ ሕፃን አይደለም፤ እናቴም አሮጊት አይደለችም። መታሰር አለ፤ አለመፈታት አለ፤ ዳኛ አለ። ስለዚህ መምሬ ያሉት "ቁርባን" ሳይሆን "ቁራኛ" መሆን አለበት። በጓዳው ግርግዳ በኩል ተበላሽቶ ነው የደረሰኝ። ባጫና አብዱልጀባር እንኳ እስኪፈረድላቸው ነበር። የኔዎቹ እስከ ሞት!

ለማረጋገጥ እትዬ ዙለይካ ዘንድ ሮጥኩ። እትዬ ዙለይካ የወሎ ሰው ናቸው፤ ከባላቸው ከኑሬ ጋር ሱቅ ከፍተው አቡጀዲ ይሸጣሉ። የመምሬን ድምፅ መላው ሰፈር ስለሰማው ነገሩን ከኔ በፊት አውቀውታል።

"እትዬ፣ እነሱ ከታሰሩ በኋላ አብረው ነው የሚበሉት?"

"አብረው ነው እንጂ" አሉ፣ አቡጀዲ በክንዳቸው እየለኩ።

"አብረውም ይተኛሉ?"

መለካታቸውን ተዉና አዩኝ። "ያንቺ ጥያቄ ደግሞ! አዎ፣ አብረው።"

"አንዱ ወደ ሜዳ ሲወጣስ?"

"ሌላው ይጠብቀዋ! ሲመሽ የወጣች ሚስቱን የማይጠብቅ ምን ባል ነው? እኔ እንኳ ከኑሬ ጋር ከታሰርኩ ሃያ ዓመቴ ነው፤ አንድ ቀን ብቻዬን አልላከኝም።"

"እርስዎም ታስረዋል?"

"ገና ጡቴ ሳያጎጠጉጥ!" ብለው ከት ብለው ሳቁ።

ዓይኔን ወደ ቀሚሳቸው ጫፍ ወረወርኩ። ምንም የተቋጠረ ነገር የለም፤ ኑሬም ሱቁ ማዶ ጫፍ ላይ ሚዛን ይወለውላል። የእስላም ቁራኛ የማይታይ ዓይነት ይሆናል ብዬ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ከመቁረባቸው በፊት መናዘዝ ነበረባቸው። ለመምሬ መናዘዝ ደግሞ ቀላል አልነበረም። ጆሯቸው ከባድ ነውና ሰው ኃጢአቱን እየጮኸ ነው የሚነግራቸው። ብልጥ የሆነ ሰው ባቡር የሚያልፍበትን ሰዓት ይጠብቅ ነበር። ነገር ግን ባቡሩ እያለፈ ሲናዘዝ መምሬ "ምን አልክ?" ይላሉ፤ ያን ጊዜ ባቡሩ አልፎ አገሩ ጸጥ ብሏል፤ ሰውየው በዚያ ጸጥታ መሀል "በግ ሰረቅሁ!" ብሎ ይጮሃል።

አባቴ የተናዘዘው ረቡዕ ዕለት ከቤታችን ፊት ካለው ግራር ሥር ነው። እናቴ ጓሮ ጎመን ትቀነጥሳለች፤ እኔ አጠገቧ ነኝ።

"ጮክ በል፣ ልጄ!" አሉ መምሬ።

"ሚስቴ ትንቀኛለች ብዬ እፈራለሁ!" አለ አባቴ።

"ምን ትፈልጋለች?"

"ትን-ቀ-ኛለች! ጸሎት ሳደርስ ግዕዙ አፌ ውስጥ ይሰባበራል። እሷ ትሰማለች። ምንም አትለኝም። ዝም ማለቷን እፈራለሁ። ስፈራ ደግሞ በጨው አሳብቤ እጣላታለሁ!"

እናቴ እጇ ጎመኑ ላይ እንዳለ ቀረ።

"አዋሽ ሌላ ሴት አለችህ ይባላል" አሉ መምሬ።

"ኧረ አዋሽን አላውቃትም፣ አባቴ! ወለንጪቲ ላይ እወርዳለሁ። አንድ የሥራ ጓደኛዬ ቤት አድራለሁ። ቀን ቀን ጣቢያው ጥላ ሥር ቁጭ ብዬ ሽማግሌ እስኪላክብኝ መንገድ አያለሁ።"

"ሳምንት ሙሉ?"

"ታዲያ ምን ላድርግ? ሳይጠሩኝ ልመለስ?"

እናቴ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ስታለቅስ መስሎኝ እጄን ጉልበቷ ላይ አደረግሁላት። ዛሬ ሳስበው እየሳቀች ነበር። ምናልባት እያለቀሰችም ነበር።

ሐሙስ የእናቴ ተራ ሆነ። አባቴ ጣሪያ ላይ ወጥቶ የሚያፈስስበትን ቦታ በሣር ይደፍናል።

"ጥቅልሌን ፈትቼው አላውቅም!" ብላ ጮኸች እናቴ።

"ምኑን?"

"የልብስ ጥቅልሌን! ስምንት ዓመት ሙሉ! ከሞጆ ስመለስ እንደታሰረ ነው የማስቀምጠው። የሰርጌን ቀሚስ አንድ ቀን ግርግዳ ላይ ሰቅዬው አላውቅም።"

"ለምን፣ ልጄ?"

"ቀድሞኝ እንዳይሄድ! 'ተተወች' ከምባል 'ጥላው ሄደች' ልባል ብዬ!"

"ትጠይዋለሽ?"

"ብጠላውማ ኖሮ አንዴ ሄጄ እቀር ነበር!"

ቀና ብዬ አየሁ። አባቴ ጣሪያው ላይ ቁጭ ብሏል። የያዘው ሣር ከእጁ እየተንሸራተተ አንድ በአንድ ወደ መሬት ይወርዳል፤ እሱ አላወቀውም። በማግስቱ ዘነበ፤ ጣሪያውም እንደበፊቱ አፈሰሰ፤ ማንም ግን በዚያ አልተጣላም።

ካደግሁ በኋላ አንድ ቀን እናቴን "መምሬ እውነት አይሰሙም ነበር?" አልኳት። "የመምሬ ጆሮ እንደፈለገው ነው" አለችኝ። "'ምሳ ቀርቧል' ሲባል በሹክሹክታም ይሰማ ነበር።" ታዲያ ምስጢር በዚያ ሁሉ ጩኸት ማስወጣታቸው ደግ ነው ወይ ብላት፣ "እሱን እሳቸውና ፈጣሪያቸው ይጨርሱት" ብላ ዘጋችው። አባቴ ግን መምሬን ደንቆሮ ያለ ሰው ካጋጠመው ይቆጣ ነበር።

ከኑዛዜው በኋላ ባሉት ቀናት ቤታችን ውስጥ የሆነው ሁሉ ፍርሃቴን አባሰው። እናቴ ጥቅልሏን ፈትታ ልብሶቿን አንድ በአንድ እያራገፈች ግርግዳ ላይ ሰቀለች። ለእስረኛ ልብስ አይፈቀድም ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። አባቴ ከሥራ ሲመለስ እሷ አጠገብ ቁጭ ይልና አንድ ነገር ቀስ እያለ ይደግማል፤ ሲሳሳት ታርመዋለች፤ እንደገና ይላል። አቡነ ዘበሰማያትን እያስጠናችው ነበር። እኔ ግን ዳኛ ፊት የሚሰጡትን ቃል የሚያጠኑ መሰለኝ። ቀጥሎ ደግሞ እሱ በኦሮምኛ አንድ ዓረፍተ ነገር ይነግራታል፤ እሷ ስትደግመው ምላሷ ይተሳሰርና እሱ ጉልበቱን እየመታ ይስቃል። ዳኞቹ ሁለት ናቸው፤ አንዱ ኦሮሞ ነው አልኩ በልቤ። የመጨረሻውን ሰባት ቀን አባቴ መደቡ ላይ ለብቻው ተኛ። ሱባኤ መሆኑን ማን ይንገረኝ? ከሳሽና ተከሳሽ ተለይተዋል ብዬ ደመደምኩ።

አንድ ነገር ማድረግ ነበረብኝ። ባጫና አብዱልጀባር የታሰሩት በኩታቸው ጫፍ ነው። ጫፍ የሌለው ልብስ አይቋጠርም።

በቁርባኑ ዋዜማ፣ ቅዳሜ ዕለት፣ እናቴ የአባቴን ኩታና የራሷን ነጠላ በእንዶድ አጥባ አጥር ላይ አሰጣቸው። ሁለቱም ቀይ ጥለት አላቸው፤ ከዚያ የተሻለ ልብስ በቤታችን የለም። እትዬ ዙለይካን "እናቴ መቀስ ፈልጋለች" ብዬ ዋሸኋቸው። ከአጥሩ ጀርባ ሆኜ መቁረጥ ጀመርኩ። መጀመሪያ ጥለቱን ብቻ ነበር ያሰብኩት። ነገር ግን ጥለቱን ቆርጬ ሳይ አዲስ ጫፍ ወጣ። እሱንም ቆረጥኩት። ሌላ ጫፍ ወጣ። ጫፍ የሚባለው ነገር አያልቅም። እጄ ሲደክመኝ ተውኩትና ቁራጮቹን ዶሮዋ የምትታቀፍበት ቅርጫት ውስጥ ጎሰጎስኳቸው። የቀረውን አጥፌ ሣጥኑ ላይ አስቀመጥኩላቸው፤ እናቴም "ጎበዝ ልጅ" አለችኝ።

እሑድ ሰማዩ ሊቀላ ሲል ቀሰቀሱኝ። አባቴ ተጣጥቦ ኩታውን ዘረጋው። ትከሻው ላይ ጣለው። እምብርቱ ላይ አልደረሰም። እናቴ ነጠላዋን ዘረጋች፤ የሕፃን ማቀፊያ ያህላል።

"እርስዎ" ትለዋለች ብዬ ጠበቅሁ። በቤታችን ልማድ እዚህ ላይ ዱላና ጥቅልል የሚነሣበት ሰዓት ነበር። ከዓመታት በኋላ ለየብቻ ጠየቅኋቸው፤ ሁለቱም አንድ ነገር ነው የነገሩኝ። አባቴ "ሐሳቧን ለውጣ ቆረጠችው" ብሎ አስቦ ነበር። እናቴ "ሐሳቡን ለውጦ ቆረጠው" ብላ ነበር። ሁለቱም በዚያች ደቂቃ የቀድሞው ሰው ሆነው መሄድ ይችሉ ነበር።

አባቴ ግን ቁራጩን ኩታ እንደለበሰ ቁጭ አለ።

"ዘርፉ" አለ ዝግ ብሎ። "ካልፈለግሽ ንገሪኝ። አልቆጣም። አሁን ንገሪኝ፤ እዚህ ተቀምጬ እሰማሻለሁ።"

"እኔ?" አለች እናቴ። "እኔማ እፈልጋለሁ። አንተ ነህ እንጂ…"

"እኔ ካልፈለግሁ ይህን ሁሉ ቀን አቡነ ዘበሰማያት የደገምኩት ለማን ነው? ለሐዲዱ?"

"ታዲያ ማን ቆረጠው?"

በዚህ ጊዜ ዶሮዋ ከቅርጫቷ ወረደች። አንድ ክንድ ቀይ ጥለት እግሯ ላይ ተጠምጥሞ፣ ልክ እንደ ቀሚስ ዘርፍ መሬት ለመሬት እየጎተተች በመሀላቸው አለፈች። ሁለቱም ዶሮዋን በዓይናቸው ተከተሉ። ከዚያ ሁለቱም ወደኔ ዞሩ።

"አትታሰሩ!" ብዬ አለቀስኩ። "እንደ ባጫና እንደ አብዱልጀባር አትታሰሩ! እስከ ሞት ነው ብለዋል! አባዬ ሐዲድ ላይ ሲሄድ እማዬ እንዴት ትሮጣለች? ወደ ሜዳስ ስትወጡ?"

እስኪገባቸው ጥቂት ጊዜ ወሰደባቸው። መጀመሪያ የገባው ለአባቴ ነው። "ያ ዋቃ!" ብሎ ፈጣሪውን በኦሮምኛ ጠራና መደቡ ላይ ተዘረረ። እናቴ ልትቆጣኝ አፏን ከፍታ ሳቁ ቀደማት። ከቅዳሜ ቀትር ጀምሮ እህልም ውሃም አልቀመሱም፤ የሚስቁበት ጉልበት ከየት እንደመጣ አላውቅም። እናቴ እየሳቀች አባቴ ጉልበት ላይ ተቀመጠች። እንደዚያ ተቀምጣ አይቻት አላውቅም ነበር።

ግን የሚለበስ ነገር አልነበረም። በቤታችን የቀረ ነጭ ልብስ አንድ ብቻ ነው፤ የአልጋው ጋቢ።

"አንቺ ልበሺው" አለ አባቴ።

"አንተ በምን ልትሄድ? በዚህ ማቀፊያ?"

ተያዩ። ከዚያ አባቴ ጋቢውን በሰፊው ዘረጋና አንዱን ወገን በራሱ ትከሻ፣ ሌላውን በእሷ ትከሻ አደረገው። እንደዚያ ሆነው ወጡ። አባቴ ረጅም እርምጃ ሲራመድ እናቴ ትጎተታለች፤ "ቀስ በል!" ስትለው ያሳጥራል፤ ሲያሳጥር ደግሞ እሷ ትቀድመውና እሱ ይጎተታል። ጉብታው ላይ ካለችው ቤተ ክርስቲያን እስኪደርሱ ድረስ አካሄዳቸው ሊገጥም አልቻለም። እትዬ ዙለይካ በራቸው ላይ ቆመው አዩአቸውና "አላህ አብሮ ያኑራችሁ! ግን እየተያያችሁ ተራመዱ!" አሏቸው። እኔ ከኋላቸው ነኝ። ጥለቶቹን ሁሉ ቆርጬ እንኳ መታሰራቸው እንዳልቀረ እያየሁ በለቅሶ ተከተልኳቸው።

መምሬ ሙሉብርሃን በሩ ላይ ሲያዩአቸው ደነገጡ። "ምነው፣ እኔ ሳላስራችሁ ታስራችሁ መጣችሁ?" አሉ። አባቴ ነገሩን በጆሯቸው ነገራቸው። አስተውሉ፤ በጆሯቸው፣ ቀስ ብሎ ነው የነገራቸው። ሰሙት። ፊታቸውን ወደ ግርግዳው አዞሩ፤ መስቀላቸው ለጥቂት ጊዜ በሳቅ ሲንቀጠቀጥ አየሁ።

ቅዳሴው ረጅም ነበር። አቡነ ዘበሰማያት ላይ ሲደርስ የአባቴን ድምፅ ለየሁት፤ ከሰው ሁሉ አንድ ቃል ወደ ኋላ ቀርቶ ይከተላል። የእናቴም ድምፅ፣ ማንም ሳያዝዛት፣ እሱ ጋ ወርዶ ጠበቀው። አብረው ቀርበው ቆረቡ። ከዚያ መምሬ ማንንም በምንም ሳይቋጥሩ "በሰላም ሂዱ" አሏቸው። እኔ እስከ ቤት ድረስ ቋጠሮውን እየፈለግሁ ሄድኩ።

የቆረበ ሰው ቀኑን ሙሉ አይቆጣም፤ እነሱም አልተቆጡም። ሰኞ ጠዋት ግን ተጣሉ። እናቴ ጥለቶቹን መልሳ ልትሰፋ ፈለገች። አባቴ "የዶሮ እግር ላይ የዋለ ጥለት ትከሻዬ ላይ አላደርግም" አለ። እሷ "ለአንድ ዶሮ ብለህ ኩታ ትጥላለህ?" አለች። ድምፃቸው ከፍ አለ። የአዳማ ሰው ሁሉ ይሰማል። በመጨረሻ አባቴ ብድግ ብሎ ወደ በሩ ሄደ። እኔ ጥግ ይዤ ተኮራመትኩ።

በሩ ላይ ሲደርስ ቆመ። ባቡሩ ወደ ወለንጪቲ ሊሄድ ሲያፏጭ ይሰማል። አባቴ ውጪውን አየ፤ ወደ ውስጥም አየ።

"ወዴት ነው?" አለች እናቴ።

"እኔንም ጠፍቶኛል" አለ አባቴ።

"እንግዲያው ግባና ተቀመጥ። ተቀምጠን እንጣላ።"

ገብቶ ተቀመጠ። ተጣሉ። ምሳ ሲደርስ ገና አልጨረሱም ነበርና እየተጣሉ በሉ።